ከወዲያ በኩል የተጫረ

«ውሃ ጭረትን ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም።»

ፈግፋጊው በተዋወቅን ዕለት የነገረኝ ቁም ነገር ይህ ነው። ሌላዋ ሴት ስለ ዓይኗ፣ ስለ አረማመዷ ይነገራታል፤ እኔ ስለ ፕላስቲክ ተነገረኝ። ፍቅር በዚህ ይጀመራል ብሎ ማን ይገምታል?

በዚያን ጊዜ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ የሸሚዝ ቁልፍ ቤት እሰፋ ነበር። የምሠራበት መኪና መርፌው ተሰብሮ ዓይን እንዳያጠፋ ከፊቱ መዳፍ የምታህል ግልጽ ፕላስቲክ ተገጥሞለታል። ይህች ፕላስቲክ ከሥራ ብዛት ተጫጭራ ጭጋግ ለበሰችና መርፌውን በግምት መከተል ጀመርኩ። አንድ ቀን የቁልፉን ቤት ኪሱ ላይ ሰፍቼው ተገኘሁ። አለቃችን ሸሚዙን ዘርግቶ ለሠራተኛው ሁሉ ካሳየ በኋላ፣ «ይቺን ፕላስቲክ ፍቺና ፈግፋጊው ጋ ውሰጃት፤ ከቻለ ዓይንሽንም ይፈግፍግልሽ» ብሎ አሰናበተኝ።

ፈግፋጊው የተጫረ ፕላስቲክ እየፈገፈገ የሚያጠራው ገዛ ቤቱ በረንዳ ላይ ነው። የደበዘዘ የመኪና መብራት፣ የሞተር ብስክሌት ንፋስ መከላከያ፣ የግድግዳ ሰዓት ፊት፣ የማያመጡለት ነገር የለም። ጣቶቹ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ስለሚውሉ ተጨማደዋል። የጥርስ ሳሙና ይሸታል፤ አፉ ሳይሆን እጁ። ቀላል ጭረት የሚያጠፋው በጥርስ ሳሙና ነው።

ፕላስቲኳን ተቀብሎ ሁለቱንም ፊቷን በጥፍሩ ዳበሰ።

«ጭረቱ በየትኛው በኩል እንዳለ ዓይን አይለይም» አለኝ። «ጥፍር ነው የሚለየው። ጥፍርሽን ካልያዘው ጭረቱ ከወዲያ በኩል ነው።»

ከዚያ ከባልዲው ውሃ ጨልፎ አፈሰሰባት። ጭረቱ ሁሉ ባንዴ ጠፋ።

«ውይ! ዳነች?»

«ቆይ እስኪ፣ አትቸኩይ።»

ቆየሁ። ውሃው እየደረቀ ሲሄድ ጭረቶቹ ካሉበት እየተነሱ ተመለሱ፤ መጀመሪያ ጠርዟ ላይ፣ ቀጥሎ መሐሏ ላይ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ስለ ውሃና ስለ ጭረት የነገረኝ ይህን ጊዜ ነው።

ብርጭቆ ወረቀቱን በውሃ አርሶ ወደ አንድ አቅጣጫ ይፈገፍጋል፤ ከዚያ ለስለስ ያለውን አንስቶ በዚያ ላይ አግድም። ፕላስቲኳ እንደ ወተት ነጣች። ገደላት ብዬ ደነገጥኩ። በቅባትና በጥጥ ጨርቅ ማሸት ሲጀምር ግን ከወተቱ ውስጥ መጀመሪያ ጣቱ፣ ቀጥሎ ሸሚዙ፣ በመጨረሻ ፊቱ ብቅ አለ። ፕላስቲኳን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ በውስጧ አየኝ። እኔም አየሁት። ለመፈተሽ ከሚያስፈልገው በላይ ቆየን።

ከዚያ ወዲያ ፕላስቲኳ አልረጋችም። እንዴት እንደሆነ ሳይታወቅ በየጊዜው ትጫራለች። እውነቱን ለመናገር እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። ኮሌታዬ ላይ ሁልጊዜ የምሰካት መርፌ ነበረችኝ፤ አለቃችን ፊቱን ሲያዞር ፕላስቲኳ ላይ ሳብ ሳብ ማድረግ ነው። ወረፋ ይዤ በረንዳው ላይ ስቀመጥ ሰው ሁሉ፣ «ይቺ ልጅ ምን ዓይነት መኪና ነው የያዘችው?» ይላል።

አንድ ቀን ፈግፋጊው ፕላስቲኳን አንስቶ አገላብጦ ብዙ ቆየ።

«ይሄ በሥራ የመጣ አይደለም» አለ።

«እንዴት?»

«የሥራ ጭረት ዝብርቅርቅ ነው፤ መነሻና መድረሻ የለውም። ይሄ ቀጥ ብሎ ነው የወረደው። ሰው ሆን ብሎ የጫረው ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ምናልባት… አይጥ ይሆናላ።»

«ኮሌታዋ ላይ መርፌ የምትሰካ አይጥ?»

የሱ ሳቅ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ከመጣ ግን አይሄድም። እኔም ከኀፍረቴ ጋር ሳቅሁ። ፕላስቲኳን ሲመልስልኝ ጣቴን ሳይለቅ፣ «ሁለተኛ አትጫሪያት፣ እየሳሳች ነው» አለኝ። «ዝም ብለሽ ነይ።»

ዝም ብዬ መምጣት ጀመርኩ። እንደ እሱ ያለ ሰው አላየሁም ነበር፤ ወደድኩት፣ በጣም ወደድኩት።

የቀረችው እቴቴ ብቻ ናት። እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ እናቴ በልጅነቴ ስትሞትብኝ ወስዳ ያሳደገችኝ፣ እናትም አባትም የሆነችኝ። እሷም ከኔ ሌላ ሰው የላትም። ይህን ለፈግፋጊው አልደበቅኩትም።

«እቴቴ እሺ ካላለች እኔ የለሁበትም» አልኩት።

«እሺ እንድትል አደርጋታለሁ» አለኝ። ምን እንደሚያደርግ ግን እሱም አያውቅም ነበር።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። የምንኖረው በፊተኛው ነው፤ የውስጠኛው ክፍል ቁልፍ ከእቴቴ አንገት ወርዶ አያውቅም። በሁለቱ መሐል ባለው ግድግዳ ላይ፣ ከበሩ ጎን፣ ከወለሉ ጀምሮ የሰው ቁመት የሚያህል ወፍራም ግልጽ ፕላስቲክ ተገጥሟል። በዚያ ውስጥ ባዶ አልጋ ይታያል። የእቴቴ ባል፣ ጋሼ፣ እኔ ወደዚህ ቤት ከመምጣቴ በፊት ሳንባቸውን ታመው የሞቱት እዚያ አልጋ ላይ ነው፤ ከዚህ በላይ ተነግሮኝ አያውቅም። ፕላስቲኩ አልጋው ትክክል ላይ ተጫጭሯል። ልጅ ሆኜ ላጸዳው እርጥብ ጨርቅ ሳነሳ እቴቴ እጄን ይዛ፣ «ተዪው የኔ እናት፤ ንጹሕ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ለመደው። የለመዱትን ነገር ማን ያየዋል?

ያልለመድኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። እቴቴ ሁልጊዜ ማለዳ ወንበሯን ወደ ፕላስቲኩ ስባ ትቀመጥና ወደ ውስጥ ታያለች። ባዶ ክፍል የምታይ አትመስልም ነበር።

ፈግፋጊው ከእቴቴ ጋር ሊተዋወቅ የመጣ ዕለት ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ አኩርፎ ነበር። እቴቴ ለደም ግፊቷ ጤና ጣቢያ ሄዳለች። እንግዳዬ ከቀጠሮው ቀድሞ ደረሰ፤ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ የሥራ ቦርሳውን ግን እንደ ልማዱ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ።

«ለጥየቃ ነው ለሥራ የመጣኸው?»

«ያለ እሷ ከሄድኩ ወደ አንድ ጎን እጋደላለሁ።»

ወዲያው ዝናቡ ወረደ። እቴቴ ጥላ አልያዘችም። «ተቀመጥ፣ ይዣት መጣሁ» ብዬ ሮጥኩ። የምቆይ አልመሰለኝም፤ ግን መንገዱ ጎርፍ ሆነና ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ከእቴቴ ጋር ረጅም ሰዓት ቆምን።

«ለመሆኑ ምን ዓይነት ልጅ ነው?» አለችኝ።

«ጭረት የሚያጠፋ ልጅ ነው» አልኳት በኩራት።

«ይሁን» ብላ ሳቀች። «የሚጭረው በበዛበት ዘመን የሚያጠፋ ካገኘሽ ጥሩ ነው።»

በሩን ስንከፍት ፈግፋጊው ተንበርክኮ አገኘነው። እጅጌውን ሰብስቧል፤ ወለሉ ላይ ነጭ ውሃ ፈሷል። ፕላስቲኩን በጥጥ ጨርቅ እያሸ ቀና ብሎ እኔን አየኝና ሚስጥር እንዳለው ሰው ጠቀሰኝ።

«ይሄኛው በኩል አለቀ» አለ። «የቀሩት ቀጥ ቀጥ ያሉት ከወዲያ በኩል ናቸው። በሩ ባይቆለፍ እነሱንም…»

የእቴቴ መድኃኒት ከእጇ ወደቀ።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ቀስ ብላ ሄዳ መዳፏን ፕላስቲኩ ላይ አሳረፈችና ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ዳሰሰችው። የምትፈልገውን አጥታ እንደገና ዳሰሰች።

«እማማ፣ ምን አጠፋሁ?» አለ ፈግፋጊው፤ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደርቆ።

«ዕቃህን ሰብስብና ሂድ፣ ልጄ» አለችው። «ሁለተኛም እዚህ ቤት አልይህ።»

እሱ ከወጣ በኋላ እቴቴ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን ወደኔ ሳታዞር፣ ያን ሁሉ ዘመን ያልነገረችኝን ነገረችኝ።

«ሐኪሙ በሽታው ይተላለፋል፣ ባንድ ክፍል ውስጥ እንዳትተነፍሱ አለን። ጋሼሽ ደግሞ ከቤቴ ወጥቼ አልሞትም አለ። ግድግዳውን አስፈርሶ ይሄን ፕላስቲክ አስገጠመና አልጋውን እዚያ በኩል አስጠጋ። እኔ ወንበሬን እዚህ በኩል። መጀመሪያ ጮክ ብለን እናወራ ነበር። በኋላ ድምፁ ደከመ። ጠዋት ስነሳ በሕይወት መኖሩን በምን ልወቅ? ቀለበቱን ፕላስቲኩ ላይ ከላይ ወደ ታች ይስበዋል። ‹አለሁ› ማለቱ ነው። እኔ ከፀጉሬ ሽቦ አውጥቼ በዚህ በኩል በሱ መስመር ላይ አግድም እስባለሁ። ‹እኔም አለሁ›። ከዚያ ሁለታችንም ቀናችንን እንጀምራለን።»

«እቴቴዬ…»

«እስከ መጨረሻዋ ጠዋት ድረስ ሳልመልስለት የቀረሁት የለም። አሁን የሱ ብቻ ቀረ። ያ ልጅ ያጠፋው የኔን መልስ ነው።»

ፕላስቲኩን አየሁት። እውነቷን ነው። ቀጥ ቀጥ ያሉት መስመሮች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዳቸውም ላይ አግዳሚ የለም። ሰው ጠርቶ ጠርቶ መልስ ያጣ ይመስላል።

በማግስቱ ሲነጋጋ አንድ ድምፅ ቀሰቀሰኝ።

ጭርርር።

ረጅም፣ ዝግ ያለ፣ ከላይ ወደ ታች። እቴቴ ናት ብዬ ዞር ስል እቴቴ አጠገቤ ተኝታለች። ዓይኗ ግን ተከፍቷል።

«ሰማሽ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አይጥ ነው።»

ይህችን አይጥ አንድ ጊዜ ሞክሬያት አልሠራችልኝም ነበር፤ አሁንም አልሠራችም።

ተነስቼ ወደ ፕላስቲኩ ሄድኩ። ከድሮዎቹ መስመሮች ፈንጠር ብሎ፣ ምንም ያልነበረበት ቦታ ላይ፣ አንድ አዲስ መስመር ወርዷል። በጥፍሬ ዳበስኩት። ልሙጥ ነው። ከወዲያ በኩል ነው።

ቁልፉን ከእቴቴ ተቀብዬ በሩን ከፈትኩ። አቧራው ወለሉን ሞልቶታል፤ አንድ ዱካ የለበትም። አልጋው ጠርዝ ላይ ግን፣ ከአዲሱ መስመር ሥር፣ ከፕላስቲኩ የተፋቀ ትኩስ ነጭ ብናኝ ተንጠባጥቧል። እንዴት ወጥቼ እንደቆለፍኩት አላስታውስም።

«እቴቴ፣ ያ ቀለበት የት ነው ያለው?»

«ጣቱ ላይ» አለች። «አብሮት ነው የተቀበረው።»

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው እንሰማው ጀመር። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በጠራራ ፀሐይም መጣ፤ ሻይ ስቀዳ፣ ልብስ ስተኩስ፣ ጭርርር። አዲሶቹ መስመሮች በረከቱ። እቴቴ ከወንበሯ አልነሳ አለች። በፀጉሯ ሽቦ የድሮ መልሶቿን ልትተካ ትሞክራለች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗም ደክሟል፣ አንዱንም ቦታው ላይ ማሳረፍ አቃታት። እህል ከአፏ ራቀ።

«እየጠራኝ ነው» ትለኛለች። «ዝም ስለው የረሳሁት ይመስለዋል።»

«የሞተ ሰው ምን ይመስለዋል፣ እቴቴ?»

«አንቺ ሞተሽ ታውቂያለሽ?»

ፊቷ በየቀኑ እየሳሳ ሲሄድ ሳይ አንድ ነገር ብቻ ገባኝ። ይህ መጥራት ካልቆመ እቴቴ ትሄዳለች።

በንዴት ጦፌ ፈግፋጊው ቤት ሄድኩ። በረንዳው ላይ ሥራ የለም፤ ባልዲው ደርቋል። ሲያየኝ ከተቀመጠበት ተነሳ።

«ለምን ነካኸው? ማን ንካ አለህ?»

«አንቺ ነሻ!»

«እኔ?»

«ቀጥ ብሎ የወረደ፣ በላዩ አግድም የተሳበ» አለ። «በሥራ የመጣ እንዳልሆነ ሳየው አወቅሁ። ሰው ሆን ብሎ የጫረው ነው። ሆን ብላ የምትጭር ሰው ደግሞ ከአንቺ ሌላ አላውቅም። ቤታችሁ ድረስ የምመጣበት ሰበብ ያዘጋጀሽልኝ መሰለኝ። እስክትመለሱ ላደርሰው፣ አክስትሽ ፊት እንድትኮሪብኝ… በደስታ ነው የፈገፈግኩት።»

ንዴቴን ተሸክሜ መጥቼ የማራግፍበት አጣሁ። ኮሌታዬ ላይ ያለችው መርፌ አንገቴን የወጋችኝ መሰለኝ። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩ ስለ እቴቴ መልስም፣ ስለ ድምፁም፣ ስለ ብናኙም፣ ስለ ቀለበቱም ነገርኩት። ይስቅብኛል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም።

«በጥፍርሽ አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ። ልሙጥ ነው።»

ፊቱ ገረጣ። አጠገቤ ደረጃው ላይ ተቀመጠና፣ «የእማማን መልስ ጨርሼ አላጠፋሁትም» አለ። «ጥልቅ ጭረት ሥሩ ድረስ ካልተፈገፈገ ይቀራል። ያን ቀን ቸኩዬ ነበር። ከፊት ሲታይ የለም፤ መብራት ከጎን ሲመታው ግን ይወጣል።»

ዕለቱን ተያይዘን መጣን። እቴቴ ከወንበሯ ሆና አየችው።

«አልይህ ብዬህ አልነበረም?»

«ብለውኛል፣ እማማ። ያጠፋሁትን ልመልስ ነው።»

«የጠፋ ይመለሳል?»

«ሥሩ ካለ ይመለሳል።»

መጋረጃውን ዘጋን። ፈግፋጊው ተንበርክኮ የእጅ መብራቱን ፕላስቲኩ ላይ አስተኝቶ አበራው። እቴቴ ትንፋሿ ቁርጥ አለ። መልሶቿ ሁሉ፣ እንደ ፀጉር ቀጥነው፣ እያንዳንዳቸው በየቦታቸው ተነሱ። እሱ መስመሮቹን በጣቱ እንኳ አልነካቸውም። ማስመሪያ ከሥራቸው ደገፈላት፣ እኔ አንጓዋን ያዝኩላት፣ እቴቴ በፀጉሯ ሽቦ ሳበች። ‹እኔም አለሁ። እኔም አለሁ።› ከሰዓት በኋላውን ሁሉ አንድ በአንድ መልሰን ሳብናቸው። የመጨረሻው ሲያልቅ እቴቴ ሻይ አምጪልኝ አለች። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

ሻይዋን ሳትጨርስ ከወዲያ በኩል፣ ሦስታችንም ፊት ለፊት እያየን፣ ጭርርር ብሎ ሌላ መስመር ወረደ። የሚስበው ነገር አይታይም። አልጋው ባዶ ነው።

መብራቱ ከፈግፋጊው እጅ አመለጠ። እቴቴ ሽቦዋን አንስታ ከአዲሱ መስመር ላይ ልታሳርፍ ስትል እጇን ይዤ ተጠመጠምኩባት።

«እቴቴ፣ አትመልሺ!»

«ሚስቱ ነኝ። ሲጠራኝ ዝም ልበል?»

«ከመለስሽለት ትሄጃለሽ!»

«ብሄድስ? አንቺ አሁን ሰው አለሽ።»

«አንቺ ከሄድሽ ማንም የለኝም! ይኸው እሱ ፊት ነው የምነግርሽ፣ እሱንም አላገባም፣ ማንንም አላገባም!»

ፈግፋጊው በመሐላችን ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማማ፣ ቁልፉን ይስጡኝ። አዲሶቹን ከወዲያ በኩል ገብቼ ላጥፋቸው። የድሮዎቹ ጋ አልደርስም።»

እቴቴ አተኩራ አየችው።

«አትፈራም?»

«እፈራለሁ እንጂ።»

«ታዲያ?»

«እኔ ልጅዎን ነው የምፈልገው፤ እሷ ያለ እርስዎ የለሁበትም ብላኛለች። ምን ላድርግ?»

እቴቴ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችው።

ገብቶ አልጋውን ገፋ አደረገና ከፕላስቲኩ ወዲያ በኩል ተንበረከከ። እኔም ከወዲህ በኩል ፊት ለፊቱ ተንበረከክሁ። ውሃ ሲያፈስበት መስመሮቹ ሁሉ ጠፍተው ፊቱ ጥርት ብሎ ታየኝ። ሊያበረታኝ ፈገግ አለ፤ ከንፈሩ ግን ነጭ ነበር። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱን አሳረፈ። ፕላስቲኩ ነጣ። ፊቱ በወተቱ ውስጥ ሰጠመና የእጁ ጥላ ብቻ ቀረ፤ ሄድ መጣ፣ ሄድ መጣ።

የመፈግፈጉ ድምፅ ቆመ። ጥላውም የለም።

«አንተ!» አልኩ። መልስ የለም። ፕላስቲኩ ወፍራም ነው፣ አልሰማኝ ይሆናል ብዬ መታ መታ አደረግሁት። ምንም። በነጩ ላይ አንድ ጥላ ተመልሶ ቀረበ፤ ከቅድሙ የደበዘዘ መሰለኝ።

ጭርርር።

ከዓይኔ ፊት ለፊት፣ በነጩ መሐል፣ አንድ መስመር ከላይ ወደ ታች ወረደ። ታች ደርሶ ቆመ። እንደሚጠብቅ ታወቀኝ።

አለሁ እያለኝ ነው አልኩ። ፈርቶ፣ ድምፁን ማሰማት አቅቶት፣ በጋሼ ቋንቋ አለሁ እያለኝ ነው። መርፌዬን ከኮሌታዬ ነቅዬ በመስመሩ ላይ አግድም ሳብኩ።

«እኔም አለሁ!» ብዬ ጮህኩ። «እዚሁ ነኝ፤ የትም አልሄድም!»

ጥላው ራቀ። ጥቂት ቆይቶ መፈግፈጉ፣ ከዚያም ማሸቱ ቀጠለ፤ ነጩ ቀስ በቀስ ሳሳ፣ ጣቱ፣ ሸሚዙ፣ ፊቱ ተመለሰልኝ። ሲወጣ ላብ አጥምቆታል። አቀፍኩት። እቴቴ ፊት መሆናችን ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

አዲሶቹ መስመሮች ሁሉ ጠፍተዋል፤ እኔ ያቋረጥኩት አንዱ ብቻ ቀርቷል።

«ይሄን ማን ጫረው?» አለ ፈግፋጊው።

«አንተ ነሃ። እኔ መለስኩልህ።»

መዳፉን ዘረጋ። የረጠበ ጨርቅ ብቻ ነው የያዘው።

«ለስላሳውን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ስፈልግ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። ስዞር ወርዶ አገኘሁት። የቻልኩትን ያህል ፈገፈግሁት፤ እምቢ አለኝ።»

ለማን ነው የመለስኩት? ለማን ነው የትም አልሄድም ያልኩት?

እቴቴ ከወንበሯ ተነስታ መጣች። መስመሩን በጣቷ እየዳሰሰች እንባዋ ወረደ፤ ፊቷ ግን የሰሞኑ ፊት አልነበረም።

«ሞኝ ነኝ» አለች። «ነይ እያለኝ መስሎኝ። እሱ ድሮም ነይ ብሎኝ አያውቅም እኮ! ናፍቆቱ አላስችል ብሎኝ የዚያን በር እጀታ ስነካ በእጁ ሂጂ፣ ሂጂ ነበር የሚለኝ፤ እንዳይዘኝ። መልሴ ሲጠፋበት ብቻዬን የቀረሁ መሰለው። አጠገቧ ሰው አለ ወይ ነው ያለው። ልጆቼ፣ እናንተ መለሳችሁለት።»

ከዚያ ወደ ፈግፋጊው ዞራ በዓይኗ ከላይ እስከ ታች ለካችው።

«በል እጅህን ታጠብ። እራት አብረን ነው የምንበላው።»

በማግስቱ ሲነጋጋ ነቅቼ ጠበቅሁ። ምንም አልተሰማም። ከዚያም ወዲያ አልተሰማም። ፈግፋጊው ባልዲውንና ቦርሳውን ይዞ ወደኛ ቤት ገባ፤ እቴቴም «ቤቴን በጥርስ ሳሙና ሽታ ሞላው» እያለች፣ እሱን እንደ ልጇ እያየች፣ ልጆቻችንን ሁሉ አሳደገች። ማለዳ ማለዳ ወንበሯን ወደ ፕላስቲኩ መሳቧን ግን አልተወችም።

ያረፈችው በእንቅልፏ ነው። ቀብረናት በተመለስን ማግስት በማለዳ ተነስቼ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ባሌ ከኋላዬ መጥቶ እጁን ትከሻዬ ላይ አኖረ። ልጆቹ ተኝተዋል። ፀሐይ በውስጠኛው ክፍል መስኮት ገብታ ፕላስቲኩን ከጎን መታችው፤ ሁለታችንም ባንድ ጊዜ አየነው።

ከድሮዎቹ መስመሮች ሁሉ መጨረሻ ላይ አንድ አዲስ ተጨምሯል፤ ቀጥ ብሎ የወረደ፣ በላዩም አግድም የተሳበ።

ባሌ ጎንበስ ብሎ ቁልቁሉን በጥፍሩ ዳበሰ። ከዚያ አግድሙን ዳበሰ። አንዴ ደግሞ ዳበሰው።

«ሁለቱም ከወዲያ በኩል ናቸው» አለኝ።

ጨርቁን ከኪሱ ሲያወጣ እጁን ያዝኩት።

«ተወው» አልኩት። «ንጹሕ ነው።»